ቦሩ ሜዳ ላይ ልጆችን ያለ መኪና ማሳደግ

ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው ቦሩ ሜዳ ሦስት ልጆች ይዘን እንኖራለን። መኪና የለንም። "እንዴት ቻላችሁት?" ለምትሉኝ፣ አብሽሩ፣ ይቻላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤት ኪራይ ነው። ሳሎኑን ከማየታችሁ በፊት ከበሩ እስከ አስፋልቱ በእግራችሁ ሂዱ። ልጅ አዝላችሁ ቢሆን ይመረጣል። ከ10 ደቂቃ ከበለጠ ተዉት። የመጀመሪያው ቤታችን ርካሽ ነበር። ግን ሐምሌ ላይ ጭቃው ቦቲ ይውጣል። ባጃጁም "እዚያ አልገባም" ብሎ አስፋልት ላይ ያወርደናል። ከኪራይ የተረፈው ገንዘብ በጫማ አለቀ።

ለትምህርት ቤት ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ባጃጅ በወር ኮንትራት ያዙ። ግማሹን መጀመሪያ፣ ግማሹን ወሩ ሲያልቅ ክፈሉ። እኔ ሙሉውን ቀድሜ ከፍዬ ሹፌሩ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ማንሳት ተወ።

ጤፍ ስትገዙም ከጎረቤት ጋር ጫኑና ማስጫኛውን ተካፈሉ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከሰፈር አይጠፋም።

ዋናው ጭንቀት ሌሊት ነው። እዚያው ሰፈር የሚያድር ባለባጃጅ ፈልጉ። ቡና ጥሩት። ስልኩን ግድግዳ ላይ ጻፉት። ትንሿ ልጄን ትኩሳት ሲያቃጥላት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሐኪም ቤት ያደረሰን እንዲህ ያለ ጎረቤት ነው። ጉም ከወረደ እሱም ቀስ ይላል፤ አትቆጡት።

ኮምቦልቻ ዘመድ ጥየቃ ከሆነ ጠዋት በሚኒባስ ውረዱ። ወደዚያ የሚያወርደው የሐረጎ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ለልጆቹ ፌስታል አትርሱ።