ፓኬቱን ገልብጡት

የታሸገ ምግብ ስትገዙ የፊቱን ጽሑፍ ተዉት። ገልብጡና ከምን እንደተሠራ አንብቡ። ኩሽናችሁ ውስጥ የማይገኙ ማቅለሚያና ማጣፈጫዎች ከተደረደሩ መልሳችሁ አስቀምጡት፤ እንዲህ ያለው እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ይባላል።

ነገሩ የስኳርና የስብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 20 ሰዎች እጅግ የተቀነባበረና ያልተቀነባበረ ምግብ ሁለት ሁለት ሳምንት በየተራ በሉ። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ነበር፤ የሚበሉት ግን የፈለጉትን ያህል ነው። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨመሩ፤ ኪሎ ገደማም ወፈሩ። በሌላው ያንኑ ያህል ቀነሱ።

ፍጥነቱም አለበት። ለስላሳ ምግብ ብዙ ሳይታኘክ ይወርዳል፤ ሆድ "ጠገብኩ" እስኪል ሳህኑ አልቋል።

ሁሉንም ባንዴ መተው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ከመክሰስ ጀምሩ፤ ብስኩቱን በሙዝና በኦቾሎኒ ቀይሩት።