ሞኒተራችሁ ቀለም ሲያዛባ፦ ሠሪ ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት

ባለፈው መስከረም አንዲት እናት ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ሱቄ መጡ። አዳማ ውስጥ፣ ከፖስታ ቤት ብዙም የማትርቅ የጽሕፈትና የፎቶ ቤት አለችኝ። አነሳኋቸው፣ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት፣ ፊታቸው የታመመ ሰው መሰለ። የነጠላቸው ነጭም ወደ ውሃ ሰማያዊ ሄዷል። ካሜራው ነው ብዬ ቀይ ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። ስክሪኑ ላይ ደህና ሲመስለኝ አተምኩት። ወረቀቱ ሲወጣ እትዬ አዩት፣ ትንሽ ዝም አሉና "ልጄ፣ በርበሬ ቀባኸኝ እንዴ?" አሉኝ።

ካሜራው ምንም አልሆነም። ማተሚያውም ደህና ነው። ከሞኒተሩ ጀርባ ያለው የቪጂኤ ገመድ፣ ምስሉን ከኮምፒውተሩ የሚያመጣው፣ ብሎኑ ስላልጠበቀ ግማሹ ወጥቶ ኖሯል፤ ቀዩ ቀለም እንደነገሩ ነበር የሚያልፈው። ይህን እስካገኝ ድረስ ግን ሁለት ቀን ሙሉ የሞኒተር ዋጋ ስጠይቅ ዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው "ስክሪኔ ቢጫ ሆነ"፣ "ሮዝ ሆነ" ባለ ቁጥር እኔ ጋ ይመጣል። የምነግራቸው ቅደም ተከተል ይኸው። መጀመሪያ ሳንቲም የማያስወጣው፣ ቀጥሎ የገመድ ዋጋ የሚያስወጣው፣ ሞኒተሩ ደግሞ መጨረሻ።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሞኒተሩ ላይ፣ ከታች ወይም ከጎን ወይም ከጀርባ፣ የሜኑ ቁልፍ አለ። ተጫኑት። የሚመጣውን ሳጥን የሚስለው ሞኒተሩ ራሱ ነው፣ ኮምፒውተሩ አይደለም። ከኋላ ያለው ምስል ሐምራዊ ሆኖ የሜኑው ነጭ ግን ነጭ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሞኒተሩ ነፃ ነው፤ ገመዱን ወይም ኮምፒውተሩን ጠርጥሩ። ሜኑውም አብሮ ከተበላሸ ነገሩ ሞኒተሩ ውስጥ ነው። ገመዱን ከሞኒተሩ ላይ ስትነቅሉ "ሲግናል የለም" የሚለው ጽሑፍ ይመጣል አይደል? እሱንም እዩት፤ ያው ምርመራ ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አጥፉና እንደገና አብሩት፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኩ። ቁልፉ እንደ ኮምፒውተሩ ይለያያል፣ ሲነሳ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይጽፈዋል። ባዮስ የሚባለው ገጽ ይከፈታል። እዚያ ቀለሙ ልክ ሆኖ ዊንዶውስ ሲገባ የሚበላሽ ከሆነ፣ ሴቲንግ ወይም ድራይቨር (ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ነው፤ ገመድ አትግዙ። እዚያም ከተበላሸ ዊንዶውስን መፎርማት ትርፉ ድካም ነው። አይታችሁ ምንም ሳትነኩ ውጡ።

ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። ሞኒተሩን ላፕቶፑ ላይ በራሱ ገመድ ሰኩት፣ ከዚያ በሌላ ገመድ። ገመድ ስትቀይሩ ከተስተካከለ ገመዱ ነው፣ በሁለቱም ከተበላሸ ሞኒተሩ፣ በሁለቱም ደህና ከሆነ ኮምፒውተራችሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ! ብዙ ሰው ስክሪንሾት አንስቶ "እየው፣ እንዴት እንደሆነብኝ" ብሎ በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔ ጋ ሲደርስ ፍጹም ጤነኛ ነው። ስክሪንሾት የሚያነሳው ኮምፒውተሩ ያዘጋጀውን ምስል ነው፤ ገመዱና ሞኒተሩ ከዚያ በኋላ ያደረሱበትን አያይም። በስልክ ካሜራ አንሱትና ላኩ።

ባንዲራውን ክፈቱ

ስክሪን ያለው ሦስት ቀለም ብቻ ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሌላው ሁሉ የእነዚህ ድብልቅ ነው። ቢጫ የሚባል መብራት ውስጡ የለም፤ ቀይና አረንጓዴ አብረው ሲበሩ ነው ቢጫ የምናየው። ሦስቱም ሲበሩ ነጭ።

ስለዚህ የኢትዮጵያን ባንዲራ ምስል አውርዱና ስክሪኑን ሞልቶ እንዲታይ ክፈቱት። ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ አላገኘሁም። ቀይ ከጠፋ ታችኛው ቀይ ይጠቁራል፣ መሐል ያለው ቢጫ ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሁለት አረንጓዴ ያለው ባንዲራ ታያላችሁ። አረንጓዴ ከጠፋ ላይኛው ይጠቁርና ቢጫው ቀይ ይሆናል። ሰማያዊ ሲጠፋ ነው ሰው የሚሸወደው፤ ሦስቱ መደቦች እምብዛም አይለወጡም፣ መሐል ያለው ሰማያዊ ክብ ግን ይጨልማል። እሱን ካያችሁ በኋላ ባዶ የወርድ ገጽ ክፈቱ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል? ሰማያዊ የለም። ሐምራዊ ከሆነ አረንጓዴ የለም። እንደ እትዬ ነጠላ ውሃ ሰማያዊ ከሆነ ቀይ የለም።

አንዱ ቀለም እንዲህ ለይቶለት ከጠፋና ገመዱ ቪጂኤ ከሆነ፣ መልሱን በእጃችሁ ይዛችኋል ማለት ነው።

የቪጂኤ ገመድ

ቪጂኤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. 1987 ያወጣው ነው፤ ሰማያዊ ጭንቅላት፣ ሁለት ጎን ብሎን ያለው። አርጅቷል ግን እኛ ሰፈር ገና ጡረታ አልወጣም። ሦስቱን ቀለሞች በሦስት የተለያዩ ሽቦዎች ነው የሚልከው። አንዷ ሽቦ ብትበጠስ ወይም አንዷ ፒን (ጭንቅላቱ ውስጥ ያለችው መርፌ የመሰለች ብረት) ብትታጠፍ አንዱ ቀለም ይሄዳል፣ ሌሎቹ ይቀራሉ።

መጀመሪያ በቦታው እንዳለ ጭንቅላቱን በቀስታ ወዲያና ወዲህ ነቅንቁት። ቀለሙ መጣ፣ ሄደ፣ ብልጭ ድርግም አለ? ገመዱ ነው። ሁለቱንም ብሎኖች በእጃችሁ እኩል አጥብቁ። አንዱን ብቻ አጥብቆ መተው የእኔ ጥፋት ነበር፤ ጭንቅላቱ አጋደለ።

ካልተስተካከለ ሁለቱንም አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ጭንቅላቱን ወደ ብርሃን አውጥታችሁ እዩት። ሰፊው ጎን ወደ ላይ ይሁን። ፒኖቹ በሦስት ረድፍ አምስት አምስት ሆነው ይደረደራሉ። ከላይኛው ረድፍ ከግራ ጀምራችሁ ቁጠሩ፦ አንደኛዋ ቀይ፣ ሁለተኛዋ አረንጓዴ፣ ሦስተኛዋ ሰማያዊ ናት። ባንዲራው ላይ የጠፋውን ቀለም ፒን እዩ። ብዙ ጊዜ እዚያው ተጎንብሳ ታገኟታላችሁ። መሐለኛው ረድፍ ላይ አንዷ ፒን ከመጀመሪያው የሌለችበት ገመድ ብዙ ነው፣ እሷ ስትጎድል አትደንግጡ። ሦስቱ የቀለም ፒኖች ግን መኖር አለባቸው።

የታጠፈችውን በወረንጦ፣ ወይም ቀለሙ ባለቀ እስክርቢቶ ጫፍ፣ ቀስ አድርጋችሁ ቀና አድርጓት። ጫፉን እንደ ቆብ አልብሷትና ትንሽ ትንሽ አቅኑ። አትቸኩሉ፤ እየተጣጠፈች ከተመላለሰች ትሰበራለች። ከተሰበረች ገመዱን ጣሉት፤ ዋጋው ከሞኒተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አዳማ ደግሞ አቧራው አለ። ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ነፋስ የሱቄን መሰኪያዎች ሁሉ ይሞላልኛል። መሰኪያውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። በአፋችሁ አትንፉበት፣ ምራቅ ይገባል። የእጅ ማጽጃ ጄልም አትቀቡት፤ ሰው ያደርገዋል፣ አይቻለሁ፤ ውኃና ቅባት ስላለበት አቧራውን ይብስ ያጣብቀዋል።

ሁሉም ልክ ሆኖ ቀለሙ ትንሽ ብቻ ከቀረው፣ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ሞኒተሩ ላይ "ኦቶ" የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። በቪጂኤ ብቻ ነው የሚሠራው።

ማታ ማታ ብቻ ቢጫ የሚሆንባችሁ

ይኼ ብልሽት አይደለም፣ ናይት ላይት ነው፤ ማታ ሰማያዊውን ብርሃን የሚቀንሰው የዊንዶውስ ሴቲንግ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ውስጥ ገብታችሁ ታጠፉታላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ እንዲበራ የተሞላ ከሆነ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ስክሪኑ ቀስ እያለ ይቀላል።

አንድ ጎረቤቴ ግን በጠራራ ፀሐይ ነበር ቢጫ የሚሆንበት። ሦስት ሰው አይቶለት አልተገኘም። ሰዓቱን ሳየው፣ ኮምፒውተሩ ሌሊት ነው ብሎ ቁጭ ብሏል! ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ሞታ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ እየተዛባ፣ ኢንተርኔት ስለሌለውም ራሱን ሳያስተካክል ናይት ላይቱን እያበራ ነበር። ሲአር 2032 ትባላለች ባትሪዋ፣ ሰዓት ሠሪዎችም ጋ ትገኛለች። ቀየርናት፣ አበቃ።

ስክሪኑ ድንገት ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ቀለሙ ከተገለበጠ ደግሞ ሕፃን ልጅ ኪቦርዱን ነክቶት እንደሆነ ጠይቁ። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ሲ አንድ ላይ ሲነኩ ከለር ፊልተር የሚባለው ሊበራ ይችላል። መልሳችሁ ብትነኩ ይጠፋል። ቀለሙ የተበላሸው ዊንዶውስ አፕዴት ካደረገ በኋላ ከሆነ፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የግራፊክስ ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው መልሱት። ሁሉም ነገር እንደ ታጠበ ጨርቅ ከደበዘዘ ኤችዲአር የሚለውን (በደማቁና በጨለማው መሐል ያለውን ልዩነት የሚያሰፋ ሴቲንግ ነው) አጥፉት፤ ርካሽ ሞኒተር ላይ ጥቅሙ አይታየኝም።

ኤችዲኤምአይ ከሆነ

የፒን ቆጠራውን እዚህ እርሱት። ኤችዲኤምአይ፣ ብሎን የሌለው ጠፍጣፋ መሰኪያ ያለው ገመድ፣ ዲጂታል ነው፣ ምስሉን በቁጥር ነው የሚልከው፤ ሲታመም አንድ ቀለም ለይቶ ማጥፋቱ ብርቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ነጠብጣብ ይበትናል፣ ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ስክሪኑ በሙሉ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሞኒተሩና ኮምፒውተሩ በቀለም አላላክ አልተግባቡም። ሁለቱንም አጥፉ፣ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። ካልሆነ የግራፊክስ ካርዱ ሴቲንግ ውስጥ የቀለም ፎርማቱን አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ማለት ነው) አድርጉት። ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ እዚያው ሬንጅ የሚለውን ከሊሚትድ ወደ ፉል ቀይሩ። ቲቪን እንደ ሞኒተር የሚጠቀም ሰው ይኼኛው ነው የሚያጋጥመው።

ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የምትቀይረዋ ትንሽ አዳፕተር ካለች፣ ከሁሉ በፊት እሷን ጠርጥሩ። እኔ ሁለት ጥያለሁ።

ሞኒተሩ ራሱ ከሆነ

መጀመሪያ ሜኑው ውስጥ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ። ስንቱ ሞኒተር ወደ "ሪዲንግ" ወይም ሰማያዊ ብርሃን ወደሚቀንሰው ሞድ ተቀይሮ ነው ታመመ የተባለው! የቀለም ሙቀቱን 6500 ላይ አድርጉት፤ 9300 የሚለው ሰማያዊ ይበዛበታል፣ 5000 ይቀላል።

ይኼ ሁሉ ካልሠራ የጀርባ መብራቱ አርጅቶ ይሆናል። የድሮዎቹ ጠፍጣፋ ሞኒተሮች ከኋላቸው ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነው ያላቸው። ቱቦው ሲያረጅ ጠዋት ስታበሩት ስክሪኑ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ይነሳና ሲሞቅ ይሻለዋል። አዲሶቹ ኤል ኢ ዲ ናቸው። ነጭ ኤል ኢ ዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ሽፋን ነው ነጭ የሚያስመስለው። ሙቀት ሽፋኑን ሲጎዳው ስክሪኑ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ይሄዳል። ሁለቱም በሴቲንግ አይድኑም።

ካቻቢቴ ይዛችሁ ግን አትክፈቱት። የሚገባው 220 ቮልት ውስጥ ካፓሲተር ላይ ወደ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ ይጠራቀማል፣ ሶኬቱን ከነቀላችሁ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ቱቦ ያለባቸው ደግሞ ከዚያም በላይ ያመነጫሉ። ለባለሙያ ስጡት፤ ስትሰጡት "ተበላሽቷል" ብላችሁ አትተዉት፣ ያያችሁትን ንገሩት፦ ሜኑውም ቀልቷል፣ ገመድ ቀይሬያለሁ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይም ያው ነው በሉት። ያኔ መጀመሪያ የምታስከፍለዋን "ልየው" ብሎ አይጀምርም።

ያገለገለ ሞኒተር ልትገዙ ከሆነም ባንዲራውን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ አብርቶ ወዲያው "ይኸው ይሠራል" ሲላችሁ እሺ በሉና ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አስቆዩት፣ ሻይ ጠጡ። ነጭ ገጽ ክፈቱና ጥግና ጥጉን እዩ። ከመቀመጫችሁ ዝቅ ብላችሁም ከታች ወደ ላይ እዩት፤ ምስሉ የፎቶ ኔጌቲቭ ከመሰለ ቲኤን የሚባለው ዓይነት ነው። ለጽሕፈት ይሆናል፣ ለፎቶ አይሆንም።