የፉርጎ ጨዋታ፦ ልጆች ቆሻሻ መለየት እንዲለምዱ

ከጨዋታው በፊት እርጥቡ ከደረቁ ይለይ። የፓፓያ ልጣጭ ወይም የቡና አተላ የነካው ካርቶን በድሬዳዋ ሙቀት በማግስቱ ይሸታል፤ ቆራሌውም አይወስደውም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክዳን ያለው ባልዲ ለእርጥቡ፣ ማዳበሪያ ለደረቁ ይበቃል። ከመጀመሪያው አምስት ቦታ ከተደረደረለት ልጁ ግራ ይገባውና ሁሉንም አንድ ላይ ይጨምረዋል።

ቀጥሎ ባቡሩን ሥሩ። ሦስት ካርቶን በሲባጎ አቀጣጥሉና ፉርጎ ይሁኑ፤ በባቡር ጣቢያ ስም ጥሯቸው፦ «አዋሽ» ሃይላንድ ይጭናል፣ «ድሬዳዋ» ጣሳ፣ «ጅቡቲ» ወረቀት። ማንበብ ላልጀመረ ልጅ በየፉርጎው ላይ የዕቃውን ሥዕል ለጥፉ። ባቡሩ በቀን አንዴ፣ ሁልጊዜ ከእራት በፊት፣ ከኩሽና ተነስቶ በረንዳ ላይ እስካለው ማዳበሪያ ይጎተት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ለልጁ ጨዋታነቱ ቀርቶ ሥራ ይሆንበታል።

ሃይላንድ ላይ ረጋ በሉ። ልጁ ክዳኑን ይፍታ፣ የቀረውን ውሃ አበባ ላይ ያፍስስ፣ ከዚያ በእግሩ ይጨፍልቀው። ክዳኑ እንደተዘጋ ከተረገጠ አየሩ መውጫ ስለሚያጣ አይጠፈጠፍም፤ ክዳኑም ሊፈናጠር ይችላል። ክዳኑ ለምን ለብቻ እንደሚቀመጥ ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ አሳዩት፦ ከጠርሙሱ ገላ የተቆረጠ ቁራጭ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ሁለቱ የተለያየ ፕላስቲክ ናቸው፤ ፋብሪካም በውሃ ይለያቸዋል። ጠርሙሱን ሙሉውን ከጣላችሁት ግን በውስጡ ባለው አየር ስለሚንሳፈፍ ሙከራው ይበላሻል። ቁራጩም ላይ አረፋ ከተጣበቀ በጣት ጠርጉት።

ለጣሳ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይይዛል፤ የለስላሳው አሉሚኒየም አይይዝም። አሉሚኒየሙ የተሻለ ስለሚያወጣ ለብቻው ይቀመጥ። የተከፈተ ጣሳ ጠርዙ ስለታም ነውና ትልቅ ሰው ይጠፍጥፈው። የተሰበረ ጠርሙስ፣ ባትሪና ምላጭ ባቡር ላይ አይሳፈሩም። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለም ክዳኖቹ ከእጁ ይራቁ፤ ያንቁታል።

የእርጥቡ ባልዲ ልጣጭና ገራባ (የጫት ትራፊ) ለፍየል የሚሄድ ከሆነ ልጁን የፍየሏ ጠባቂ አድርጉት። ከመሰጠቱ በፊት ፌስታል የገባበት እንዳለ በእንጨት ገላልጦ ይፈትሽ። ፌስታል በፍየል ሆድ አይፈጭም፤ እየተጠራቀመ ምግብ ይዘጋባትና ይገድላታል።

ደረቁን ከዝናብ ሸፍኑ። በ2011 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያስጨነቀውን የቺኩንጉንያ በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ጣሳ ውስጥ በተጠራቀመ ትንሽ ውሃ ትራባለች፤ በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ ቆራሌው ቢዘገይም ማዳበሪያው በየሳምንቱ ተራግፎ ይታይ።

ቆራሌው ሲመጣ ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ ሃይላንዱን ይቁጠር፤ ከሽያጩ ስንት እንደሚደርሰውም አስቀድማችሁ ተስማሙ።