የሞተር ሳይክል ካቴናና የእጅ ማንሻዎች እንዴት ይጸዳሉ፣ እንዴትስ ይቀባሉ?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ሞተሩ ተነስቶ እያለ ካቴና አይነካም። ጎማው በራሱ እንዲዞርላቸው ሞተሩን አስነስተው ጨርቅ የሚያስጠጉ ሰዎች አሉ። ካቴናው ጨርቁን ሲስብ ጣትን አብሮ ወደ ጥርሱ ያስገባል፤ እጅን ለመመለስ ፋታ የለም። ስለዚህ ያጥፉት፣ ቁልፉን ይንቀሉ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ በመሀል ካቫሌቶ ያቁሙትና የኋላ ጎማውን በእጅዎ ያዙሩ። ከጉዞ መልስ ቢሆን ይመረጣል፤ ለብ ያለ ካቴና ቅባቱን ቶሎ ያስገባል።

መጀመሪያ ማጽዳት ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ነገር ግን በቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ዘይት ከአሸዋው ጋር ተለውሶ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ አራቱንም ጎን ይጥረጉ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ። ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ ግን ይቅሩ። በብዙ ካቴናዎች መጋጠሚያ ላይ ኦሪንግ የሚባሉ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ ከፋብሪካ የተሞላውን ግራሶ ውስጥ ይዘው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። ቀለበቱ ከተጎዳ ግራሶው ይወጣል፤ ከላይ የምንቀባው ደግሞ አይተካውም።

አሁን ይቀቡ። ለኦሪንግ የሚስማማ የካቴና ስፕሬይ፣ ወይም መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ 80/90 የማርሽ ዘይት ይበቃል። ጎማውን በቀስታ እያዞሩ በታችኛው መስመር ላይ ከውስጥ በኩል ያድርጉት፤ ካቴናው ሲሽከረከር ዘይቱን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ከውስጥ የተቀባው በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ያልፋል። ከጀርባው ካርቶን ይያዙ፤ ጎማው ወይም የፍሬን ዲስኩ ላይ ያረፈ ዘይት ይጥልዎታል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተው ትርፉን ይጥረጉ።

እግረ መንገድዎን ልልነቱን ይዩ። የታችኛውን መስመር መሀሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፉት በብዙ አነስተኛ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ የእርስዎ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ። ጎማውን እያዞሩ በተለያየ ቦታ ይለኩ፣ በጣም የተወጠረበትን ቦታም መነሻ ያድርጉ። ከልክ በላይ የተወጠረ ካቴና ኩሽኔታውን ይጎዳል። ሲያስተካክሉ የግራና የቀኝ ምልክቶች እኩል ይሁኑ፤ የጎማውን ዳዶ መልሰው ማጥበቅም አይርሱ።

የእጅ ማንሻዎቹ፣ ማለትም የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ፣ ቀላል ናቸው። ቡሎኑን ፈተው አሮጌውን ቅባት ይጥረጉ፣ ስስ ግራሶ ቀብተው ይመልሱ። የፍሪሲዮኑ ማንሻ ገመድ ካለው በላይኛው ጫፍ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ እያደረጉ ከታች እስኪወጣ ይጠብቁ። ፍሬኑ በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ ግን ማንሻው ፒስተኑን የሚነካበት ቦታ የሚፈልገው የሲሊኮን ግራሶ ብቻ ነው፤ ተራ ግራሶ የውስጡን ጎማ ያሳብጣል።

በየ500 ኪሎ ሜትሩ ካቴናውን ይዩት፤ ዝናብ ከመታው ግን ኪሎ ሜትር ሳይቆጥሩ በዚያው ቀን። ከመንዳትዎ በፊት ሁለቱን ማንሻዎች ስበው ይልቀቁ፤ በራሱ የማይመለስ ካለ ይፈቱትና እንደገና ይሥሩት።