በበርጋ ረግረግ ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ከአዲስ ዓለም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የበርጋ ረግረግ፣ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የተባለችው ትንሽ ወፍ እንደምትራባባቸው ከታወቁት ጥቂት የዓለም ስፍራዎች አንዱ ነው። ወፏ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ የተመዘገበች ሲሆን፣ ለመራባት የደረሱት ቁጥራቸው ከ250 በታች እንደሆነ ይገመታል።

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ወፏን ለማየት ሲባል ረግረጉን መርገጥ ነው። በየክረምቱ ጎብኚዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ሣሩን እየጣሱ ሲሄዱ አያለሁ፤ ወፏ ከእግራቸው ሥር ብድግ ብላ ጥቂት ሜትር በርራ ተመልሳ ሣር ውስጥ ስትገባ ፎቶ አንሺው ደስ ይለዋል። የተነሣችው ከእንቁላል ላይ ከሆነ ግን እንቁላሉ በደጋው ዝናብና ብርድ ተጋልጦ ይቀራል፤ ጎጆው መሬት ላይ በሣር ተሸሽጎ ስለሚሠራም ረጋጩ የረገጠውን እንኳ አያውቅም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ በሣሩ ላይ ገመድ እየጎተቱ ወፍ ከሚያስነሡት ጋር አንድ ማለዳ ሙሉ ተሰልፌአለሁ። በማግሥቱ ከብቶች እኛ ባጋደምነው ሣር ላይ እንደ መንገድ ተከታትለው ሲገቡ ያየሁት አሁንም ይቆጨኛል። እባካችሁ፣ ከዳር ቆማችሁ ተመልከቱ፤ መረጃ ካስፈለገም በቦታው ተተክሎ የሚቀር ካሜራ ይበቃል፤ በደቡብ አፍሪካ ሚድልፑንት ረግረግ ወፏ እንደምትራባ በ2018 እ.ኤ.አ. የተረጋገጠው በእንዲህ ያለ ካሜራ ነው።

ያንን ግኝት ሰምቶ «እንግዲህ በርጋ ያን ያህል አያሳስብም» ማለትም ስህተት ነው።

የውኃ ማፋሰሻ ቦይ ከረግረጉ ዳር አይቆፈር፤ ባሕር ዛፍም አይተከል።

ብዙዎች የማያስቡት ደግሞ የቄጤማው ጉዳይ ነው። ለእንቁጣጣሽ ቄጤማ የሚታጨድበት የነሐሴ መጨረሻና የጳጉሜ ወቅት፣ ወፏ ገና ጫጩት ይዛ ልትገኝ የምትችልበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አጫጆች ከውኃማው መሐል ርቀው ከዳር ዳር እንዲያጭዱ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ይህ ንግግር የሚሳካው ግን ገበሬውን እንደ ጠላት ላልቆጠረ ሰው ብቻ ነው። ሣሩ የከብቶቹ ቀለብ ነው፤ በመራቢያው ወራት ከብት እንዳይገባ ተስማምተው የሚጠብቁትም የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ወደ መስኩ ከመውረዳችሁ በፊት ከብቱ መቼ እንደሚለቀቅና ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ ከአባወራዎቹ ጠይቁ፤ በሥራው ላይ ካሉት እረኞችም ተማሩ።