የኤምባሲ ፔጅ አጠቃቀም፣ በተለይ አረብ ሀገር ላላችሁ

አሁን ኤምባሲዎች ማስታወቂያ የሚያወጡት በአብዛኛው ፌስቡክ ላይ ነው፣ ቴሌግራምና ኤክስ የሚጠቀሙም አሉ። የፓስፖርት እድሳት፣ ቢሮ የሚዘጋበት ቀን፣ የቆንስላ ሰራተኞች ሌላ ከተማ ሄደው አገልግሎት የሚሰጡበት ፕሮግራም እዛ ይለጠፋል። ግን ብዙ እህቶቻችን ወሬውን የሚሰሙት ከቲክቶክ ላይቭ ወይ ከዋትሳፕ ግሩፕ ነው፣ በስንት ሰው አፍ አልፎ ሲደርሳቸው ደግሞ ቀኑ ተምታቶ ክፍያው ተጨምሮበት ነው። ስለዚህ ከምንጩ እንዴት እንደሚነበብ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ፔጅ ማግኘት ነው። አርማና ባንዲራ ማንም ስለሚለጥፍ በፎቶ አትለዩትም። የሚሻለው ኤምባሲው ዌብሳይት ላይ ገብቶ እዛ ያለችውን የፌስቡክ ምልክት መጫን ነው። ዌብሳይቱ እምቢ ካላችሁ ፔጁ ላይ አባውት ውስጥ "ፔጅ ትራንስፓረንሲ" የሚል አለ፣ እሱን ክፈቱት፣ ፔጁ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜም የሚያስተዳድሩት ሰዎች የትኛው ሀገር እንዳሉ ያሳያችኋል። አምና የዘፈን ክሊፕ ፔጅ የነበረ ዘንድሮ ኤምባሲ ሆኖ ካገኛችሁት ውጡ። ሰማያዊ ምልክት አይታችሁ ብቻ አትመኑ፣ አሁን በብር ይገዛል። ኤክስ ላይ የመንግስት አካውንት ምልክቱ ግራጫ ነው።

ፎሎው ካደረጋችሁ በኋላ ፌቨሪት ውስጥ አስገቡት፣ አለበለዚያ ፌስቡክ ፖስቱን ቀኑ ካለፈ በኋላ ሊያመጣላችሁ ይችላል።

ስታነቡ ቀኑን በደንብ እዩ! የአምና ማስታወቂያ ሼር እየተደረገ እንደ አዲስ ይዞራል። "መስከረም 5" የሚለውስ በኛ ነው በፈረንጅ? አስር ቀን ገደማ ልዩነት አለው። ሰዓቱም እንደዛው፣ "ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ማለት በስልካችሁ 9 ሰዓት ነው። ማዳሟን ለምና አንዲት ቀን ያስፈቀደች ልጅ ሩቅ መንገድ በታክሲ ሄዳ በሩ ዝግ ሲጠብቃት ያንጀት ነው የሚያቃጥለው፣ ሌላ ቀን ማን ይሰጣታል? የሳምንቱ እረፍትም ይለያያል፣ ሳዑዲ አርብና ቅዳሜ ነው፣ ኢምሬትስ ግን ከ2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ሆኗል፣ በዛ ላይ ኤምባሲ የኛንም የሀገሩንም በዓል ስለሚዘጋ ከመሄዳችሁ በፊት ፔጁን ቼክ አድርጉ።

አሁን ወደ ኮመንት። "እባካችሁ ተባበሩኝ" ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ መልስ የሚሰጥ ሰው ምኑን እንደሚመልስ አያውቅም። እንዲህ ጻፉ፦ "ሰላም፣ ፓስፖርቴ ሊያልቅ 4 ወር ቀርቶታል፣ ያለሁት ደማም ነው፣ ሪያድ ሳልመጣ የማሳድስበት ፕሮግራም አለ?" ምን እንደፈለጋችሁ፣ የት እንዳላችሁ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ በቃ። የፓስፖርት ቁጥር፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር ኮመንት ላይ በፍጹም አታስቀምጡ። እዛ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ ወዲያው "እህቴ ኢንቦክስ ግቢ እኔ እጨርስልሻለሁ" ይላሉ፣ ከዛ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃሉ። ኤምባሲ በፔጁ ስም ነው የሚመልሰው፣ በግለሰብ አካውንት መጥቶ ብር ላኪ የሚል ካለ ብሎክ አድርጉት።

የአሜሪካ ኤምባሲ ፔጅ ላይ ደግሞ "የኔ ቪዛ ምን ደረሰ" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ በህጋቸው የቪዛ ፋይል ሚስጥር ስለሆነ ኮመንት ላይ አይመልሱም። ዲቪ ደርሶሃል የሚል ኢሜይልም አይልኩም፣ በኮንፈርሜሽን ቁጥራችሁ ራሳችሁ ገብታችሁ ነው የምታዩት። እና ለቪዛ የሚሞላው ፎርም ከ2019 ጀምሮ ያለፉት 5 ዓመታት የሶሻል ሚዲያ አካውንቶቻችሁን ይጠይቃል፣ ለትምህርት የምታመለክቱ ደግሞ ከሰኔ 2025 ወዲህ አካውንታችሁን ፐብሊክ እንድታደርጉ ተብሏል።

የህንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሱሽማ ስዋራጅ (ከ2014 እስከ 2019) ሰው ሀገር ለተቸገሩ ዜጎች ትዊተር (የአሁኑ ኤክስ) ላይ ራሳቸው እየመለሱ ኤምባሲዎቻቸውን ያዝዙ ነበር። ለኛም እንደዛ ቢሆን እንዴት ደስ ይለኝ ነበር። እስከዛ ግን የሚደበድብ አሰሪ ካለ ወይ ከቤት ካባረሯችሁ ኢንቦክስ ጽፋችሁ አትጠብቁ፣ ማታና በእረፍት ቀን የሚያየው ሰው ላይኖር ይችላል፣ ደውሉ። ፖሊስ ኢምሬትስ 999 ነው፣ ሪያድና መካ 911። ተናድዳችሁ የአሰሪን ፊት ወይ ቤቱን ቀርጻችሁ ላይቭ አትግቡ፣ ኢምሬትስ ውስጥ ሰውን ሳያስፈቅዱ ቀርጾ መልቀቅ ወንጀል ነው፣ ተበድላችሁ እያለ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ቪዲዮው ካላችሁ አስቀምጡትና ለምታምኑት ሰው ላኩት። የኤምባሲውን ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ ከፔጁ ላይ ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ ሞባይል የሚቀማ አሰሪ አለ።