ሚኒሞው የተረበሸ አሮጌ ፒክአፕ፦ ትሮትል ቦዲን እንዴት መመርመርና ማስተካከል ይቻላል?

አራት ኪሎ መብራት ይዟችሁ ቆማችኋል። ሚኒሞው፣ ማለትም እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲለቀቅ ነዳጅ ትሰጡታላችሁ፣ ሞተሩ ቀጥ ይላል። የእኔ ቶዮታ ፒክአፕ፣ ባለ 22 አር-ኢ ቤንዚን ሞተሩ፣ ወራት ሙሉ እንዲህ አንገላቶኛል። ምክሬ ለዚህና ለመሰል አሮጌ ኢንጀክሽን ሞተሮች ነው።

አንድ ነገር ቀድመን እንለይ። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ መድከሙ ብቻውን ብልሽት አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ይሳሳል። የሚኒሞ መረበሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ አየር የሚሰርቅ ቦታ ፈልጉ። ይህ ሞተር የሚገባውን አየር የሚለካው ከፊልትሮው አጠገብ ነው። ከመለኪያው አልፎ በስንጥቅ የገባውን ነዳጅ የሚመጥነው የሞተሩ ኮምፒውተር አያውቀውም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጤነኛ ከሆነ ወዲያው ይንገዳገዳል። ምንም ካልመሰለው ቀድሞውንም ሌላ ቦታ አየር እያስገባ ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና ከመለኪያው ወደ ትሮትል ቦዲው አየር የሚወስደውን ትልቁን የጎማ ቱቦ እያጎበጣችሁ በየእጥፋቱ ውስጥ እዩ። የእኔ የተሰነጠቀው ከሥር ነበር፤ ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ይህን ሳላይ ሶማሌ ተራ ወርጄ ሴንሰር ገዝቻለሁ። ገንዘቡ ባከነ፣ ሚኒሞው እንደነበረ ቀረ።

ቱቦው ደህና ከሆነ ትሮትል ቦዲውን፣ ማለትም ነዳጅ ስትረግጡ ተከፍቶ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ክፍል፣ ንቀሉ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ከሥር የራዲያተር ውሃ የሚያልፍባቸው ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ስትነቅሏቸው ድፈኗቸው። ጥቀርሻውን በካርቡራቶር ማጠቢያና በጥርስ ብሩሽ አጽዱ። የትሮትሉን መከፈትና መዘጋት ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሴንሰር ላይ አትርጩ፤ በካቻቪቴ ጫፍም አትፋቁ።

አሁን እኔ የተሳሳትኩበት ቦታ ላይ ደረስን። የትሮትሉ ክንድ ሲዘጋ የሚያርፍባት ትንሽ ቡሎን አለች። ፋብሪካ ያስተካከላት ናት። እኔ ሚኒሞ ከፍ ላድርግ ብዬ አጠበቅኳት። ቢራቢሮው፣ ማለትም አየሩን የሚዘጋው ክብ ሳህን፣ ትንሽ ተከፍቶ ቀረ። ሴንሰሩ «እግር ተነስቷል» የሚለውን ምልክት መስጠት አቆመ፤ ሚኒሞው ከበፊቱ ብሶ ተረበሸ። የሚኒሞ ማስተካከያዋ ሌላ ቡሎን ናት፤ ይቺን አትንኳት። ከእናንተ በፊት ሰው ነክቷት ከሆነ፣ ቢራቢሮው ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ አላሏት። ከዚያ እያጠበቃችሁ ክንዱን ገና ስትነካ አቁሟት።

ቀጥሎ ሴንሰሩ ይስተካከላል። መኪናው ላይ እንዳለ እጅ አይገባም፤ ጠረጴዛ ላይ ሥሩት። የመልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሁለት ሽቦዎች አይ-ዲ-ኤል እና ኢ-2 የሚባሉት የሴንሰሩ እግሮች ላይ አድርጉ። በቡሎኗና በክንዱ መካከል የ0.57 ሚሊ ሜትር ውፍረት መለኪያ ቅጠል (ቀጭን የብረት ሳህን) ስታስገቡ በሁለቱ እግሮች መካከል መስመሩ መገናኘት አለበት። በ0.85 ስትቀይሩት መቋረጥ አለበት። ካልሆነ የሴንሰሩን ሁለት ቡሎኖች ላላ አድርጋችሁ በጥቂቱ አዙሩት። ስታጠብቁት ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ካጠበቃችሁ በኋላ ሁለቱንም ደግማችሁ ለኩ። እኔ አራት ጊዜ ደጋግሜ ነው ያገኘሁት። በዓይን ግምት አስተካክላለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እምቢ በሉት። ቅጠሎቹ ውድ አይደሉም።

ስትመልሱት ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። በሲሊኮን መለጠፍ አልወድም፤ ትርፉ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይሳባል። የራዲያተሩን ውሃ ሙሉ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ መብራትና ሬዲዮ ይጥፉ፣ ከዚያ በሚኒሞ ማስተካከያዋ ወደ 750 ዙር አምጡት። በማግስቱ ጠዋት በብርድ አስነሱት። መጀመሪያ ከፍ ብሎ ቆይቶ እየሞቀ ሲሄድ በራሱ ከወረደ ተስተካክሏል።